«ዘወትር ቅዳሜ» የሚለው መስመር፦ የአንድ ፍቺና የሁለት ልጆች ጉዳይ ከአዳማ

መነሻ

ይህን የምጽፈው ጉዳዩ ለየት ያለ ስለሆነ አይደለም። እንዲያውም በጣም የተለመደ ነው። አዳማ ውስጥ የጅቡቲ መስመር ሾፌር የሌለበት ሰፈር ፈልጋችሁ አታገኙም፤ ሾፌር ባለበት ሁሉ ደግሞ አባት የሚጠብቁ ልጆች አሉ። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። በዚህ ፍቺ ውስጥ የገባሁት በሚስትየዋ በኩል ሽማግሌ ሆኜ ተመርጬ ነው። ሽማግሌ ሲባል ጋቢ የለበሰ ጢማም ሰው ለሚመጣባችሁ፣ ሴትም ትመረጣለች፣ አንዷ እኔ ነኝ።

እናትም አባትም ጽሑፉን አንብበው «ይውጣ» ብለውኛል። አባትየው አንድ ቦታ ላይ «እዚህ ጋ አብዝተሽብኛል ቲቸር» አለኝ። እኔ ግን አላበዛሁም ብዬ እንዳለ ተውኩት። ስም የለም፤ ማንነታቸውን የሚያሳብቁ ነገሮችንም ትቻለሁ።

ባልና ሚስቱ

የተጋቡት በ2004 ነው። ቤታቸው መብራት ኃይል አካባቢ፣ ኪራይ። እሱ ባለ ተሳቢ መኪና ይዞ ጅቡቲ ይመላለሳል። እሷ በሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ጋግራ ለሆቴሎች ታስረክባለች፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ትነሳለች፣ መብራት ከሄደ ደግሞ የቀኑ ሥራ ሁሉ ይበላሻል። ፍቺው ሲጀመር ትልቋ ሴት ልጅ 9 ዓመቷ፣ ትንሹ ወንድ ልጅ ሦስት ዓመት ከመንፈቁ ነበር።

ለምን ተጣሉ? ገንዘብ አለ፣ ረጅም መጥፋት አለ፣ «መንገድ ላይ ሌላ ቤት አለው» የሚል ወሬም አለ። እዚያ ውስጥ አልገባም። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንድ ቢያጆ (የጅቡቲ ደርሶ መልስ ጉዞ) ሲቀና ሳምንት ይፈጃል። ጋላፊ ድንበር ላይ ወይም ወደብ ላይ ወረፋ ከያዘው አሥር፣ አሥራ ሁለት ቀን ይሆናል። ከቤት ሲወጣ መቼ እንደሚመለስ እሱ ራሱ አያውቅም። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። እናውቅ ነበር ግን ወረቀቱ ላይ አልጻፍነውም።

ክሱ እንዴት ተጻፈ

ጥር 2014 ላይ ልብሱን ይዞ ወጣ። መጋቢት ላይ እሷ የፍቺ ማመልከቻ አስገባች።

አዳማ ያለነው ኦሮሚያ ነው፤ የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። እሷ ገበያ ላይ የምትግባባበት ያህል ትሰማለች፣ ማንበብ ግን አትችልም። ፍርድ ቤት በር ላይ ጥላ ተክለው ማመልከቻ ከሚጽፉት ለአንዱ 300 ብር ከፍላ በአማርኛ ነገረችው፣ እሱ በአፋን ኦሮሞ ጻፈው፣ ፈረመች፣ አስገባች። ችሎት ላይ አስተርጓሚ ስላለ ንግግሩ አልከበዳትም። የከበዳት ወረቀቱ ነው። ባልየው መጥሪያው ደርሶት ሲያነብ «ሰካራምና ልጆቹን የሚደበድብ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘ። እሱ አፋን ኦሮሞ አሳምሮ ያነባል።

እሷ ማለች፣ ተገዘተች፦ እንዲህ ብዬ አላውቅም። እኔ አምናታለሁ። ጸሐፊው እንደ ልማዱ ክሱን «ለማጠንከር» የጨመረው ነው፤ ለሁሉም ባለጉዳይ የሚጽፈው አንድ ዓይነት ነገር ሳይሆን አይቀርም። ግን ፊርማው የሷ ነው። ያች አንዲት መስመር ለሁለት ዓመት ያህል በየስብሰባው ትነሳ ነበር። «ሰካራም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?» ይላል፣ ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል። ስለዚህ የማታነቡትን ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት ከጸሐፊው ሌላ የሆነ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ቃል በቃል ያንብብላችሁ። ጎረቤት ይሁን፣ የጎረቤት ልጅ ይሁን፣ ግድ የለም።

ሁለተኛው ስሕተት ደግሞ ይኸውና፦ ክሱ እየታየ ሳለ ስለ ልጆቹ አያያዝና ስለ ቀለብ ጊዜያዊ ትእዛዝ መጠየቅ እንደሚቻል አላወቀችም። ማመልከቻውም አልጠየቀም። ከመጋቢት እስከ ሰኔ ያለውን ጊዜ በእንጀራዋ ብቻ አለፈችው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶችና ለሕፃናት ነጻ የሕግ ምክር እንደሚሰጥ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ የነገርኳት ግን ከውሳኔው በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ሦስቱ እሑዶች

ፍርድ ቤቱ ቶሎ አላፋታቸውም። ታረቁ፣ ካልሆነ ሽማግሌ ምረጡና ተነጋገሩ ብሎ ጊዜ ሰጠ። አራት ሆነን ተመረጥን፦ እኔና የሷ አጎት በአንድ በኩል፣ የሱ የድሮ የጋራዥ አለቃና አንድ ቄስ በሌላ በኩል። ሦስት እሑድ ተቀመጥን።

በሦስቱም እሑድ የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ታረቁ። ለልጆቻችሁ ስትሉ። ሰይጣን ነው። ቡና ተፈላ፣ ተለቀሰ፣ አጎትየው ሁለቴ ተቆጥቶ ወጥቶ ተመለሰ። እነሱ ግን በመጀመሪያው እሑድ፣ በመጀመሪያው ሰዓት ነው የወሰኑት፤ ከፊታቸው ይታወቅ ነበር። ለማስታረቅ መሞከራችን ክፋት የለውም፣ ሥራችንም ነው። ጥፋታችን ሌላ ነው። እርቁ እንደማይሆን ካወቅን በኋላ የቀሩትን ሁለት እሑዶች ልጆቹ ማን ጋር፣ መቼ፣ በማን በኩል፣ በዓል የት፣ ትምህርት ቤት ማን ይከፍላል ለሚለው ማዋል ነበረብን። አንድ ሰዓት እንኳ አልሰጠነውም። «እሱን ፍርድ ቤቱ ያውቃል» አልን።

እዚያው ሁለት ተረቶች ሰማን፣ ሁለቱም ብዙ ቤት ውስጥ አሉ። አጎትየው፦ «ከአምስት ዓመት በታች ለእናት ነው፣ ሕግ ነው።» የጋራዥ አለቃው፦ «ሴቷ ለእናት፣ ወንዱ ለአባት።» የመጀመሪያው ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቀረ ነው፤ የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ እንዲህ ያለ የዕድሜ መስመር አላስቀመጠም፣ የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር ከልጁ ዕድሜና ጥቅም ጋር መዝኑ ነው የሚለው። ሁለተኛው ከየት እንደመጣ እንጃ። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ ልጅን በሚመለከት ጉዳይ የልጁ ደህንነት ይቅደም ይላል። በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 የወሰነው ደግሞ ከዚህም ያልፋል፦ አባት ልጁን ለዓመታት ካሳደገችው አክስት ልውሰድ ሲል፣ አባትነቱ ብቻውን አይበቃም፣ የሚታየው የልጁ ጥቅም ነው ተባለ።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር። ስልካቸው ላይ የፌዴራሉን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213ን አውርደው አንቀጽ እየጠቀሱ አዳማ ችሎት የሚገቡ ሰዎች አሉ። ያ አዋጅ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው። አዳማ ላይ የሚሠራው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 69/1995 እና ማሻሻያው 83/1996 ነው። ቁጥር ከመጥቀሳችሁ በፊት የትኛው ሕግ እንደያዛችሁ እዩ።

ውሳኔው

ሰኔ 2014 ተፋቱ። ልጆቹ ከእናት ጋር ይኑሩ ተባለ። ዳኛዋ ያየችው ማታ ማታ ቤት ያለው ማን ነው የሚለውን ነው፣ አባትም በዚህ አልተከራከረም። ንብረቱ ላይ ብዙ ጠብ አልነበረም፤ አንድ ባጃጅ ተሸጦ ተካፈሉ፣ ምጣዶቹ ለሷ ቀሩ።

ቀለብ፦ እሷ 5,000 ጠየቀች። እሱ ያቀረበው የደመወዝ ማስረጃ 6,600 ብር ይላል። ሾፌር የሚኖረው በደመወዙ ሳይሆን በውሎ አበሉ መሆኑን አዳማ ውስጥ ሕፃን ያውቃል። ግን አበሉን የሚያሳይ ወረቀት እሷ አልያዘችም፣ ድርጅቱ እንዲያሳውቅ ይታዘዝልኝ ብላም አልጠየቀች። 2,200 ተወሰነ፣ ከደመወዙ እየተቆረጠ እንዲከፈላት። የደመወዙ ሲሶ ማለት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከአንድ ሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው በድምሩ ከሲሶ አይበልጥም።

ከዚያ መጨረሻ ላይ፣ በአንድ ትንፋሽ፦ አባት ልጆቹን ዘወትር ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ይጎብኝ።

ማንም ምንም አላለም። እሱም «እሺ» አለ። እኔም ችሎት ውስጥ ተቀምጬ ነበር፣ ጥሩ ነው አልኩ በልቤ።

ነገሩ የተበላሸበት

የመጀመሪያው ቅዳሜ እሱ ጋላፊ ወረፋ ላይ ነበር። ሁለተኛው ቅዳሜ ጅቡቲ። ማክሰኞ ማታ ገባና ረቡዕ ጠዋት በር አንኳኳ። «ፍርድ ቤቱ ቅዳሜ ነው ያለው» ብላ መለሰችው። ሕጉን ይዛለች። እሱ ደግሞ እስከ ቅዳሜ ቢቆይ ቢያጆው ለሌላ ሾፌር ይሰጥበታል። ሄደ።

ሐምሌና ነሐሴ እንዲህ አለፈ። ከቅዳሜዎቹ ሁለቱን ብቻ ነው ያገኛቸው።

እዚህ ጋ እናትየው የነገረችኝን ልጻፍ፣ ምክንያቱም እኔን ዳግመኛ ያስገባኝ ይኼ ነው። ትልቋ ልጅ አርብ ማታ ቦርሳዋን ታዘጋጃለች። ቅዳሜ ጠዋት ታጥባ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ ደፍ ላይ ትቀመጣለች። አራት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት። ምሳ ቀርቦ «ነይ ግቢ» ስትባል ትገባለች፣ ጫማዋን ግን አታወልቅም። ማታ እንቅልፍ ወስዷት ነው እናቷ የምታወልቅላት። ትንሹ ደግሞ ረስቶ፣ አባቱ በመጣ ቀን «ጋሼ» ብሎ ጠራው።

ሁለቱ ወላጆች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሒሳብ ያዙ። እሱ፦ ካላሳየችኝ አልከፍልም። ከደመወዙ የሚቆረጠውን ማስቀረት አልቻለም፣ በኪሱ ይጨምር የነበረውን ግን አቆመ። እሷ፦ ካልጨመረ አላሳይም። ጠበቃ የሆነ የቀድሞ ተማሪዬን ጠየቅኩት፣ ሁለቱንም ተሳስተዋል አለኝ። ቀለብና ማየት የሚለዋወጡ ዕቃዎች አይደሉም፤ አንዱ ቢጎድል ሌላውን ማጉደል አይቻልም። የጎደለበት ሰው ውሳኔው እንዲፈጸምለት እዚያው ፍርድ ቤት የአፈጻጸም መዝገብ ያስከፍታል። ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ የከለከለ ደግሞ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 658 እስከ ስድስት ወር እስራት ወይም መቀጮ አለበት። ይህን ስነግረው አባትየው ዝም አለ። እሷም ስለ ማሳየቱ ስነግራት ዝም አለች።

ኅዳር 2015 ላይ ፈነዳ። አንድ ረቡዕ ከሰዓት ትምህርት ቤት ሄዶ ልጅቷን ይዟት ወጣ። አባት ነኝ አለ፣ ዘበኛውም ያውቀዋል፣ አሳለፉት። ለእናት የነገራት የለም። 9 ሰዓት ተኩል ላይ ልጇን ልትወስድ ስትሄድ ልጅ የለችም። ስልኩ ተዘግቷል፣ ባትሪ ጨርሶ ነው ይላል፣ ይሁንለት። ፖሊስ ጣቢያ ሮጠች። «አባቷ ነው የወሰዳት? ታዲያ ምን አድርጉ ነው የምትይን» ተባለች። አምስት ሰዓት ሙሉ እንዲህ አለፈ። ከምሽቱ ሁለት ተኩል ላይ ራሱ መልሶ አመጣት፤ ፍራንኮ አካባቢ ጁስ ቤት ነበሩ፣ ከዚያ ጫማ ገዛላት። በር ላይ በተፈጠረው ጩኸት ልጅቷ አዲሱን ጫማ ይዛ ቆማ ነበር። ሲጨቃጨቁ መልሳ ለአባቷ ዘረጋችለት። ያን ጊዜ ነው ሁለቱም ዝም ያሉት።

ሁለተኛው ዙር

ታኅሣሥ ላይ ደውላልኝ ሄድኩ። በዚህኛው ጊዜ አጎትየው አልተጠራም፣ ቄሱም ሌላ ከተማ ተዛውረዋል። እኔና የጋራዥ አለቃው ብቻ። አለቃው ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀምሮ ነገሩን አዞረው። «ባለፈው ሦስት ወር ስንት ቢያጆ ሠራህ? መቼ ወጣህ፣ መቼ ገባህ?» አለውና ወረቀት አወጣ። ሰባት ነበር። ቀኖቹን ስንደረድር ቅዳሜ ጠዋት አዳማ የተገኘው አራት ጊዜ ብቻ ነው። እሷ ወረቀቱን አንስታ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ሆን ብሎ የሚቀር መስሎኝ ነበር» አለች።

ከሞከርነው ያልሠራም ነበር። መጀመሪያ ልጆቹን ቀበሌ እንረካከብ ተባለ። ቅዳሜና እሑድ ቀበሌው ዝግ ነው፣ በሥራ ቀን ደግሞ ልጆቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ የታሰሩ መሰላቸው። ቀጥሎ በአባትየው እናት በኩል፣ ወንጂ። እማማ ልጆቹን ይወዳሉ፣ ግን ጠያቂ ናቸው፦ «ቤታችሁ ማን ይመጣል? እናታችሁ ማታ የት ትሄዳለች?» ልጅቷ ይህን ለእናቷ ነገረች፣ ወንጂም ቀረ። (በኋላ ተመልሷል፣ አባትየው እናቱን ቁጭ አድርጎ ከተናገራቸው በኋላ።)

የሠራው ተራ ነገር ነው። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ሱቅ ያላቸው አንድ አዛውንት አሉ፣ ሁለቱም ይወዷቸዋል። እናት ልጆቹን እዚያ ታደርስና ትሄዳለች፤ አባት ከሩብ ሰዓት በኋላ መጥቶ ይወስዳል። ሲመለሱም እንደዚሁ። ሁለቱ አይገናኙም። ጋሼ ከረሜላ ይሰጣሉ፣ ማንንም አይጠይቁም። ሁልጊዜ እንዲህ ይሁን አልልም፣ ቂሙ ትኩስ በነበረበት ወቅት ግን በር ላይ አለመተያየት ብቻውን ግማሹን ጠብ አስቀረ።

ሁለተኛው፦ በእናትና በአባት መካከል የስልክ ንግግር የለም፣ ጽሑፍ ብቻ። «ሚሌ ነኝ፣ ነገ ማታ እገባለሁ፣ ሐሙስ ልውሰዳቸው?» «እሺ፣ 4 ሰዓት ጋሼ ጋ።» በቃ። የድሮ ነገር የሚነሳው በድምፅ ነው፤ በጽሑፍ ሰው ይቆጥባል፣ ከጻፈም ይቀመጣል። ከልጆቹ ጋር ግን በኢሞ ያወራል፣ ከመንገድ ላይ፣ ኔትወርክ ባለበት።

ሦስተኛው የቀኑ ነገር ነው። ቅዳሜ የሚለው ወጣ። በምትኩ የጻፍነው እንዲህ ነው፦ አባት አዳማ ከመግባቱ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ያሳውቃል። በገባ በሁለት ቀን ውስጥ ልጆቹን አንድ ቀን ይወስዳል፤ የትምህርት ቀን ከሆነ ከትምህርት መልስ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት፣ የዕረፍት ቀን ከሆነ ከጠዋት ጀምሮ። ቢያጆው ከዘገየና ሁለት ሳምንት ካለፈ ቀጣዩ ጉብኝት ሁለት ቀን ይሆናል። ገና እናት ጋር፣ ጥምቀት አባት ጋር፣ ፋሲካ በየተራ ዓመት። ክረምት ላይ ሁለት ሳምንት ወንጂ አያት ጋር፣ አባት አብሮ ባለበት። ሳይነግር የቀረ እንደሆነ ቀኑ ይቃጠላል፣ ነግሮ የቀረ እንደሆነ ይተካል። ይቺን የመጨረሻዋን ያመጣው ራሱ አባትየው ነው።

ለትምህርት ቤቱም ደብዳቤ ገባ፣ ሁለቱ የፈረሙበት፦ ልጆቹን መውሰድ የሚችሉት እነ እገሌ ናቸው፣ አባት ከመጣ ለእናት ይደወል። ይህ ከመጀመሪያው ቀን ቢደረግ ኅዳር ላይ የሆነው አይሆንም ነበር።

ሁለት ወር በቃል ሞክረው፣ የካቲት ላይ አስተካክለን ጻፍነው። መጋቢት 2015 ፍርድ ቤት አቀረቡት። የልጆች ጉዳይ ላይ የተሰጠ ውሳኔ ሁኔታ ሲለወጥ ሊሻሻል ይችላል፤ አንዴ ተፈረደ ብሎ ድንጋይ ላይ እንደተጻፈ ማየት ስሕተት ነው። ዳኛዋ ሁለቱንም ጠየቀች፣ ልጅቷንም ወላጆቿ በሌሉበት ቢሮዋ አስገብታ አነጋገረቻት። ምን እንዳለች እኔም አላውቅም፣ እናትም አልጠየቀቻትም። ይህን አለመጠየቋን አደንቅላታለሁ። ስምምነቱ ጸደቀ። ለምን ማጽደቅ አስፈለገ? የቃል ስምምነት ስትስማሙ ብቻ ነው የሚሠራው። በተጣላችሁ ቀን የሚሠራው መዝገብ ላይ ያለው ነው፤ እሱ ካልተቀየረ ከሁለታችሁ አንዱ «ቅዳሜ ነው የሚለው» ይላል።

ገንዘቡ

የትምህርት ቤት ክፍያ ከቀለቡ ውጭ አባት በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ እንዲከፍል ሆነ፣ ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ ይልካል። ይሄ ለሱ ቀለለው። «ለሷ ሰጠሁ» የሚለው ስሜት የለበትም፣ ለልጁ ነው የከፈለው። በኪሱ የሚጨምረውን ደግሞ በቴሌብር ይልካል፣ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «የልጆች፣ ሚያዝያ» ብሎ ይጽፍበታል። በእጅ የተሰጠ ብር ምስክር የለውም፤ ሰጪውም ተቀባይዋም በኋላ ይከራከራሉ።

ያላሰብነው ችግር ኅዳር 2016 መጣ። ሾፌሩ ድርጅት ቀየረ። የመቁረጫው ትእዛዝ የተጻፈው ለድሮው ድርጅት ነው። አዲሱ ምን አገባው፣ ምንም አልደረሰውም። ሦስት ወር ምንም አልገባም። እሱ «ይቆረጣል ብዬ ነበር» ይላል። የደመወዝ ወረቀቱን የሚያይ ሰው እንዴት አያውቅም፣ አልኩት፤ «አብዝተሽብኛል» ያለኝ እዚህ ጋ ነው። እሷ አዲሱን ድርጅት አጣርታ አፈጻጸም መዝገብ ላይ አመልክታ ትእዛዙ ዳግመኛ እስኪጻፍ ድረስ የጤፍ ዕዳ ገባች። ቀለባችሁ ከደመወዝ የሚቆረጥ ከሆነ በየወሩ ገቢ መሆኑን እዩ፣ አንድ ወር ከዘለለ አትጠብቁ።

ሌላው 2,200 ብር ነው። በ2014 2,200 የሆነው ዛሬ 2,200 አይደለም፣ ገበያ የምትወጡ ታውቁታላችሁ። ውሳኔው ላይ ገንዘቡ ከኑሮ ጋር እየታየ ይጨምር የሚል ነገር አልተጻፈም፤ እየቆረጡ የሚልኩት ሰዎች ደግሞ በራሳቸው ሊጨምሩ አይችሉም። ወይ ስትስማሙ በየስንት ጊዜው እንደሚከለስ አስጽፉ፣ ወይ ይሻሻልልኝ ብላችሁ ማመልከት አለባችሁ።

እስካሁን ያልተስተካከለው

ሁሉም ነገር አልተስተካከለም። ትንሹ ልጅ አባቱ ጋር ማደር አይወድም፣ ወንጂ ሲሄድ በሦስተኛው ቀን ያለቅሳል፤ ሁለቱ ሳምንት ለሱ ወደ አንድ ወረደ። አባትየው አዲስ የትዳር ጓደኛ ይዟል። ለልጆቹ ያስተዋወቃት ሳይናገር፣ መኪና ውስጥ፣ «ይቺ እትዬ ናት» ብሎ ነው። ልጅቷ አንድ ወር ሙሉ ኢሞ አላነሳችለትም። እናትና አጎቷም እስከ ዛሬ አይነጋገሩም፣ «ልጆቹን አሳየሽው» ብሎ። የኔና የጋራዥ አለቃው ሽምግልና እዚህ ድረስ አይደርስም።

ሌሎች ወላጆች ሲጠይቁኝ አሁን መጀመሪያ የምለው አንድ ነው፦ የሁለታችሁንም የሥራ ቀን ወረቀት ላይ አውጡ። ነርስ ከሆነች የአዳር ተራዋን፣ ነጋዴ ከሆነ የገበያ ቀኑን፣ ሾፌር ከሆነ ያለፈ ሦስት ወር ቢያጆውን። ከዚያ ጉብኝቱን በዚያ ላይ ጻፉ። ዳኛ የማያውቀውን ኑሮ ሊጽፍላችሁ አይችልም፣ ካልነገራችሁት «ዘወትር ቅዳሜ» ነው የሚሆነው።

አሁን

በዚህ መስከረም እናትየው ቀለቡ ይሻሻልልኝ የሚል ማመልከቻ አዘጋጀች። ያው በር ላይ ካሉት ጸሐፊዎች ዘንድ ሄዳ አስጻፈች፣ አሁን 500 ብር ሆኗል። ፊርማ ሳታሳርፍ ወረቀቱን ይዛ ቤት መጣች፣ ልጇን አስቀምጣ አስነበበቻት። ልጅቷ 12 ዓመቷ ነው፣ አፋን ኦሮሞ ትምህርት ቤት ትማራለች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ቆም አለችና «እማዬ፣ አባዬ ልጆቹን ጨርሶ ረስቷቸዋል ይላል» አለች።

እናትየው በማግስቱ ተመልሳ ሄዳ መስመሩን አስወጣችው። ጸሐፊው እንደገና ለማተም 50 ብር ጨምሪ ብሏት ተጨቃጭቀው፣ በ30 ተስማምተዋል።